ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ለኮንዶሚኒየም ሮቶ ያስፈልጋል ወይ?

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ኮንዶሚኒየማቸው አንድ የጋራ ታንከርና ጣሪያ ላይ ሮቶዎች አሉት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲቆይ ይሸታል፣ ሻወሩ አፍ ላይም ዝልግልግ ነገር ይይዛል። አንድ ነጋዴ ታዲያ "በረኪና ቀርቷል፣ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ግዙ" ብሏቸዋል። ይህም እንደ በረኪና ውሃ ውስጥ ጀርም ለመግደል የሚጨመር ኬሚካል ነው። ዋጋው ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ኮሚቴው ይግዛ ወይስ ይቅር?

እኔ ሆቴል ቤት ቴክኒክ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ውሃ ላይ ሠርቻለሁ፤ በሁለቱም ኬሚካሎች። ነጋዴው ስለ ዕቃው የዋሸ አይመስለኝም። ለእናንተ ሕንፃ ይሆናል ማለቱን ግን አልቀበልም።

መጀመሪያ የሚመሰገንበትን ልናገር። በረኪና ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ በፒኤች፣ ማለትም በውሃው የአሲድነት ልክ ይወሰናል። ፒኤቹ 8 ሲደርስ ጀርም የሚገድለው ክፍል ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ግን ከውሃው ጋር ሳይዋሃድ ጋዝ እንደሆነ ሟምቶ ይቆያል። ስለዚህ ፒኤቹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ግድ የለውም። ቱቦ ውስጥ የተጋገረውን ዝልግልግም ዘልቆ ይገባል። እኛ ጋ ትልቁ ለውጥ የታየው እዚህ ላይ ነው። የሙቅ ውሃ መስመሩ ረጅም ነበር፤ ጠዋት ቧንቧ ሲከፈት የሚመጣው ሽታ በበረኪና አልለቀንም። በክሎሪን ዳይኦክሳይድ ግን ቀስ በቀስ ጠፋ። ሌጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ ምች ባክቴሪያ የሚደበቀው እንዲህ ያለ ዝልግልግ ውስጥ ስለሆነ ሆስፒታሎችና ሆቴሎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ሽታና ጣዕም ላይ ያለው ዝና የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ የናያጋራ ፎልስ ከተማ በ1944 እ.ኤ.አ. መጠጥ ውሃ ላይ የተጠቀመችው ፌኖል በሚባል ኬሚካል የመጣውን መጥፎ ጣዕም ለማጥፋት ነበር። ሌላም አለ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ የማይፈለጉ ውህዶች ይፈጥራል። ይሄኛው እነሱን አይፈጥርም ማለት ይቻላል። በ1993 እ.ኤ.አ. ሚልዋኪ ውስጥ 400 ሺህ ያህል ሰው ያሳመመውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስም ክሎሪን ብዙም አይነካውም፤ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ይሻላል። ይሻላል ስል ግን ወዲያው ይገድላል ማለቴ አይደለም። ለመንገደኛ የሚሸጠው እንክብል እንኳ ለዚህ ተሕዋስ 4 ሰዓት ጠብቁ ይላል።

አሁን ወደ እናንተ ጣሪያ እንውጣ። ይህ ነገር ጋዝ ነው ብያለሁ። ፀሐይ ይሰብረዋል፣ ውሃው ሲንቦጫረቅ ደግሞ በኖ ይወጣል። ክዳኑ የተሰነጠቀ ሮቶ ውስጥ ጠዋት ብትጨምሩት ማታ የመጀመሪያ ፎቅ ኩሽና ድረስ ምን ይደርሳል? በረኪናም በፀሐይ ይዳከማል፣ ግን እንዲህ ቶሎ አይበንም።

የሚያሳስበኝ ደግሞ ልኩ ነው። ከምትጨምሩት ውስጥ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ክሎራይት ወደሚባል ሌላ ውህድ ይለወጣል። ክሎራይት ሲበዛ ቀይ የደም ሴልን ይጎዳል፤ ለሕፃናትና ለኩላሊት እጥበት ታካሚዎች አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ክሎራይት ነው። አሜሪካ ለራሱ ለክሎሪን ዳይኦክሳይድ በሊትር 0.8 ሚሊ ግራም ላይ ገድባለች። ስለዚህ መለካት ግድ ነው፣ ያውም ለይቶ። ተራው የክሎሪን መለኪያ ክሎሪንንና ክሎሪን ዳይኦክሳይድን አይለይላችሁም፤ ክሎሪኑን የሚያስወግድ ግላይሲን የሚባል ጠብታ ይጨመራል። እኛ ጋ በየሽፍቱ የሚለካ ሰው ነበር። ኮንዶሚኒየም ላይ ይህን ማን ይሠራል? ጥበቃው?

ሌላው አደጋው ነው። አየር ውስጥ 10 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ይፈነዳል። ስለዚህ ጋዙ በሲሊንደር ታሽጎ አይመጣም፤ እዚያው ሶዲየም ክሎራይትን ከአሲድ ጋር በማገናኘት ነው የሚሠራው። መስኮት የሌለው የፓምፕ ክፍል ውስጥ ይህን መሞከር ጤና አይደለም።

በእኔ ግምት የእናንተ ችግር ታች የተኛው ጭቃ ነው። ጭቃ ካለ የትኛውም ኬሚካል እሱ ላይ ያልቃል። ታንከሩንም ሮቶዎቹንም አራግፋችሁ በብሩሽ እጠቡ፣ ክዳኑን ቀይሩ፣ ሻወሩን ፈትታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከዚያ ቀሪ ክሎሪኑን፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ሳያልቅ የቆየውን ክሎሪን ለኩ። ቧንቧ ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ካገኛችሁ ምንም አትጨምሩ። ዜሮ ከሆነ ሽቶ የሌለው 5 ከመቶ በረኪና ለ1000 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ያህል በቂ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ድጋሚ ለኩ። በረኪናውን ኮምጣጤን ከመሰለ አሲድ ጋር በፍጹም እንዳታቀላቅሉት።

ነጋዴው "ጠብታውን ብትጠጡት ለበሽታም ይሆናል" የሚል ከሆነ ደግሞ በሩን አሳዩት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 እ.ኤ.አ. ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ፣ የደም ግፊት መውረድም እንደሚያመጣ አስጠንቅቋል።

ሕንፃችሁ እንደ ሆቴል ማዕከላዊ የሙቅ ውሃ መስመር ካለውና የሚለካ ባለሙያ ከቀጠራችሁ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔም ቢሆን ከዕቃው ጋር የክሎራይት መለኪያ እንዲያቀርብ፣ ሰውም እንዲያሠለጥንላችሁ ውሉ ላይ አስገቡ።