ተጠባባቂው ተረከበ፤ ታዲያ ስክሪኑ ለምን ቀላ?

ጥያቄ፦ ኔትወርካችንን የምንቆጣጠርባቸው ሁለት ማሽኖች አሉን፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ተጠባባቂ። ባለፈው የዋናው ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ተጠባባቂው ወዲያው ተረከበ፣ ገጹም በዚያው አድራሻ ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ግን ስዊቾቹና ራውተሮቹ በሙሉ ቀይ ሆኑ። ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ማንም አልተቋረጠበትም። የተበላሸው ምኑ ነው?

መልስ፦ ፌይልኦቨሩ (ርክክቡ) ሥራውን ሠርቷል፤ የተረሳ ነገር አለ። ሁለቱ ማሽኖች የሚጋሩት ቨርችዋል አይፒ፣ ማለትም የጋራው አድራሻ፣ የእናንተ መግቢያ በር ነው። ማሽኑ ግን ስዊቹን በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን ሁኔታ መጠየቂያ ፕሮቶኮል) «እንዴት ነህ?» ብሎ ሊጠይቅ ሲወጣ ብዙ ጊዜ በራሱ አድራሻ ነው የሚወጣው። ስዊቹ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ሲዋቀር የተፈቀደው የዋናው አድራሻ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተጠባባቂው ሲጠይቅ ስዊቹ ዝም ይላል፤ «አላውቅህም» እንኳ አይለውም። ማሽኑም ዝም ያለውን ሁሉ ሞቷል ብሎ ቀይ ይቀባዋል።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ተጠባባቂው ሥራ ላይ እያለ ገብታችሁ ቲሲፒደምፕ የሚባለውን የኔትወርክ ትራፊክ ማያ ፕሮግራም አስነሱና የኤስኤንኤምፒ ጥያቄ የሚሄድበትን ፖርት 161ን ተመልከቱ። ጥያቄው ሲወጣ ታያላችሁ፣ መልስ ግን የለም። ከየትኛው አድራሻ እንደወጣም እዚያው ይነበባል። ከዚያ በየመሣሪያው የፈቃድ ዝርዝር ላይ ሦስቱንም አስገቡ፦ የዋናውን፣ የተጠባባቂውን፣ የጋራውን። መሃል ላይ ፋየርዎል ካለ እሱም አይረሳ፤ እኔ አንዴ እሱን ረስቼ ግማሽ ቀን ስዊች ስወቅስ ውያለሁ።

መሣሪያዎቹ ሳይጠየቁ የሚልኳቸው ማንቂያዎችና የሥራ መዝገቦች፣ ትራፕና ሲስሎግስ፣ ወዴት ነው የሚላኩት? ወደ ዋናው የራሱ አድራሻ ከሆነ መሣሪያዎቻችሁ ከሞተ ማሽን ጋር እያወሩ ነው፤ ወደ ጋራው አዙሯቸው። ያም ሆኖ ትራፕ የሚሄደው መድረሱን በማያረጋግጠው በዩዲፒ ስለሆነ በርክክቡ ሴኮንዶች የጠፋው ጠፋ፣ ላኪው መድረሱን አያውቅም፣ እንደገናም አይልከውም።

እና እባካችሁ፣ «ቀይር» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ «ሞክረነዋል» ማለት ይቅር። ያን ጊዜ ሁለቱ ማሽኖች በሰላም ተነጋግረው ነው የሚረካከቡት። አንድ ቀን ሰዓት መርጣችሁ የዋናውን የመብራት ገመድ ንቀሉት። ተጠባባቂውንም ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራ ላይ አቆዩት፤ እንደናንተ ያለው ችግር በመጀመሪያው ደቂቃ አይታይም።

ጥያቄ፦ በሁለቱ መካከል ያለው ኬብል ተነቅሎ ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» አሉ። ሁለተኛ ኬብል ብንጨምር ይበቃል?

መልስ፦ ይረዳል፣ በሌላ መንገድ የሚሄድ ከሆነ። ሁለቱም ኬብሎች አንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ ግን ትርፉ ድካም ነው።

ተጠባባቂው የሚያውቀው የጓደኛውን ድምፅ ማጣቱን ብቻ ነው። ለምሳሌ በቪአርአርፒ (ማሽኖች አንድ አድራሻ የሚጋሩበት ፕሮቶኮል)፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ ዋናው በየ1 ሴኮንዱ «አለሁ» ይላል፤ ከ3 ሴኮንድ ትንሽ ያለፈ ዝምታ ካለ ተጠባባቂው ይነሳል። ጓደኛው ይሙት ኬብሉ ይነቀል መለየት አይችልም። ማን ዋና ይሁን ብለው ሁለት ሆነው ድምፅ ቢሰጡም አንድ ለአንድ ነው። ሦስተኛ ታዛቢ ያስፈልጋል፤ ማሽናችሁ ይህን የሚደግፍ ከሆነ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ትንሽ ሰርቨር ይበቃል። ጓደኛውንም ታዛቢውንም ማግኘት ያቃተው ማሽን ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

አሁን ግን ኬብሉን ለመመለስ አትቸኩሉ። ሁለቱም ለየብቻ ዳታቤዛቸው ላይ ሲጽፉ ስለቆዩ፣ ሲገናኙ የአንዱ መዝገብ በሌላው ሊሸፈን ይችላል። መጀመሪያ የሁለቱንም ባካፕ ያዙ። የትኛው እንደሚቀጥል ወስኑ። ሌላውን አጥፉት፤ ኬብሉ ከዚያ በኋላ ይሰካ። የጠፋው ማሽን ሲነሳም በተጠባባቂነት ይነሳ። ዋናው ሲመለስ ቦታውን በራሱ የሚነጥቅበት ፕሪኤምፕት የሚባል ምርጫ ካለ እሱንም ዝጉት፣ አለዚያ የታመመ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ሲወድቅ ሲነሳ ያድራል።