የጣሊያን ስም ያለበት ፍሬም፦ የምትገዛው ስሙን ነው ወይስ እጁን?

አቦ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። አጎትህ ሚላን ውስጥ የድሮ ስቲል ኮልናጎ፣ ያው የጣሊያኑን የብስክሌት ፍሬም፣ አግኝቶልሃል፣ ይግዛልህ አይግዛልህ ነው ነገሩ። ከዚራ ያሉት ልጆች አንዱ «ኮልናጎ ድሮ ቀረ፣ አሁን ስም ብቻ ነው» አለህ፣ ሌላው ደግሞ የሌላ ጣሊያናዊ ፍሬም ሠሪ ስም ጠርቶ «ፔጎሬቲ ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን» አለህ። እኔ ድሬ ውስጥ ብስክሌት እየጠገንኩ ነው ያረጀሁት፤ ከፎኒክስ እስከ ካርቦን እጄ ያልነካው የለም። ሁለቱም ልጆች ስለ ስም ነው የሚያወሩት። ፍሬሙን አንዳቸውም አላዩትም።

ፍሬሙ ላይ የተጻፈው ስም እና የሠራው እጅ ድሮም ብዙ ጊዜ ይለያዩ ነበር። የቤልጂየሙ ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳባትን ብስክሌት የሠራው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነው። ላይዋ ላይ የተጻፈው ግን ዊንድሰር ነበር፣ የሜክሲኮ ኩባንያ ስም። ከዚያ በኋላ መርክስ በራሱ ስም ቀለም ሲወዳደር ሠሪው ሌላ ጣሊያናዊ፣ ኡጎ ደ ሮዛ ሆነ። ልጁ የሚምልለት ፔጎሬቲም ያው ነው፤ ዛሬ ሰው በቀለም አቀባቡ ይለየዋል እንጂ ዓመታት ሙሉ ለኢንዱራይንና ለሌሎች ትልልቅ ተወዳዳሪዎች በሰው ስም ሲበይድ ኖሯል። ዝናው ለኩባንያው፣ እሳቱ ለሱ።

ማዚን ደግሞ እይ። ፋሊዬሮ ማዚ ፍሬም ሠሪ ነው፣ ሱቁ ሚላን ቪጎሬሊ የብስክሌት መወዳደሪያው ሥር ነበር፣ «ልብስ ሰፊው» ይሉት ነበር። ሐረር መኪና ግርግር ሄደህ ልብስ ስታሰፋ ሰውዬውን ነው የምትመርጠው፣ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይደለም አይደል? ሰውዬው ቢሄድ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የማዚ ስም አሜሪካ ተሻገረ፣ ካሊፎርኒያ ካርልስባድ ላይ ማምረቻ ተከፈተ፤ ልጁ አልቤርቶ ግን ሚላን ቀርቶ በእጁ መሥራቱን ቀጠለ። ከካርልስባድም ኋላ የራሳቸውን ስም የተከሉ ጎበዝ ሠሪዎች ወጡ። አሁን ማዚ ተብሎ በብዛት የሚሸጠው የፋብሪካ ዕቃ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን የዚያ ሰውዬ እጅ አላረፈበትም።

ወረፋም ዝና ይሠራል። ሪቻርድ ሳክስ የሚባል አሜሪካዊ አለ፣ ለንደን ዊትኮምብ በሚባል የብስክሌት ሠሪዎች ቤት ሙያውን ቀስሞ ብቻውን የሚሠራ፣ ፍሬሙን ለማግኘት ሰው ዓመታት ሲጠብቅለት የኖረ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን በየሳምንቱ አሥር ቢያወጣ ኖሮ ያው ሞረድ ያው እሳት ሆኖ የወሬው ግማሽ ይተን ነበር ባይ ነኝ።

ኮልናጎ «ድሮ ቀረ» ላለህ ልጅ ደግሞ ንገረው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኩባንያው አብዛኛው ድርሻ ለአቡዳቢ ባለሀብቶች ተሸጠ፣ በዚያው ዓመት ተወዳዳሪው ፖጋቻር በኮልናጎ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፣ ለኮልናጎ የመጀመሪያው የቱር ድል። ሰው ስሙን እንደገና መጥራት ጀመረ። ያ ድል ግን የአንተን ፍሬም አንዲት ግራም አላቀለለውም።

ስለዚህ አጎትህ ስሙን ትቶ ብረቱን ይይልህ። ተለጣፊውን ማንም ያሳትመዋል። የኮልናጎ መለያ የሆነችው፣ መጫወቻ ካርታ ላይ ያለችው ባለ ሦስት ቅጠል ምልክት ብረቱ ላይ ተቀርጻ እንደሆነ ይፈልጋት። ቀጥሎ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን እጅጌ ጠርዙን በጥፍሩ ይዳብሰው። በደንብ የተሞረደ ከሆነ እየሳሳ ሄዶ ቱቦው ላይ ይተኛል፣ ጥፍር አይዘውም። የነሐስ ጠብታ ከቀለሙ ሥር ካበጠ፣ ወይም ጠርዙ ላይ ክፍተት ካለ፣ የቸኮለ እጅ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ብስክሌት በወረት ሲሸመት ጣሊያኖቹ ተጣድፈው የሠሩት ብዙ አለ፣ ትልልቆቹ ስሞችም ጭምር፣ እና ይሄን ሻጭ አይነግርህም።

የሴላው ዘንግ የሚገባበትን ቀዳዳም ይለካ። 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦው ስስና ጥሩ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። 26 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ኮልናጎ ቢባልም ባይባልም ይከብድሃል፤ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ታየዋለህ። ከዚያ ክር ከኋላው ጎማ ማሰሪያ አንዱ ጎን ጀምሮ በመሪው አንገት አዙሮ ወደ ሌላው ጎን ይወጥር፣ ከሴላው ቱቦ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት ግራና ቀኝ ይለካ። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ካለፈ ፍሬሙ ጠሟል። እንዲህ ያለውን ይዞ ደንገጎን ቁልቁል መውረድ አልመክርህም።

አንድ የረሳሁት። ፔዳሉ የሚዞርበት ቤት የጣሊያን ጥርስ ነው፣ ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር። እዚህ ታይዋን ገበያ የምታገኘው የቻይና ዕቃ አይገጥመውም። በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ስለሚታሰር ደግሞ የቀኙ ስትነዳ ይላላል፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይፈልጋል። አጎትህ ፍሬሙን ሲገዛ ለዚህ ቤት የሚገጥመውን የጣሊያን ዕቃ አብሮ ይግዛ፣ ከተቻለ ሁለት።

ከመክፈሉ በፊት የእጅጌዎቹን ጠርዝና የኋላውን ማሰሪያ ቅርብ ፎቶ አንስቶ ይላክልህና እዚሁ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።