የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አይሁዳውያን እንግዶች ሐዋሳ ላይ ሰንበት ሲያድሩ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ሐይቁ አጠገብ አነስተኛ ፔንሲዮን አለን። አርብ ከሰዓት ገብተው እሑድ ጠዋት የሚወጡ ስድስት አይሁዳውያን ክፍል ይዘዋል። ሰንበት እንደሚያከብሩና ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ) ብቻ እንደሚበሉ ነግረውናል። ዶሮ ወጥ ብንሠራላቸው ይሆናል? ክፍሉስ ምን ይዘጋጅለት?

መልስ፦ ዶሮ ወጡን ተዉት። ዶሮዋን ማረድ ያለበት ሕጉን የተማረ አይሁዳዊ ነው፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለይቶ ለሚበላ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅቤ ከገባበት ደግሞ ጥፋቱ ድርብ ይሆናል። ኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል ያለውን ረቢዎቹ (የአይሁድ ሕግ መምህራን) ወደ ሥጋና ወተት ሁሉ አስፍተውታል፤ ዶሮም እዚያው ውስጥ ገብታለች።

ሐዋሳ መሆናችሁ ግን በጀ፤ አሳ አራጅ አይፈልግም። ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል፣ የሌለው አይበላም። ቆሮሶ ሁለቱም አለው። አምባዛ ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው ክልክል ነው። አሞራ ገደል አሳ ገበያ ስትገዙ ታዲያ ቆዳው ተገፎ የተከተፈውን እንዳታመጡ፤ ቅርፊቱ ካልታየ እንግዳው ቆሮሶ ይሁን አምባዛ በምን ያውቃል? ሙሉውን ግዙ። እንግዶቹ አንድ ቅርፊት በጥፍራቸው ነቅለው ያያሉ፤ ቆዳው ሳይቀደድ ከተነሳ ጉዳዩ አለቀ። ሻጩ እንዲያጸዳላችሁ አትስጡት፤ ቢላው አምባዛ ሲከትፍ የዋለ ነው። ቤት ወስዳችሁ በአዲስ ቢላ አጽዱት።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው መጥበሻው ላይ ነው። አምባዛ የተጠበሰበት ዘይት ቆሮሶውንም ያስከለክለዋል፤ ስለዚህ ለብለብ አይታሰብም። አሳውን በጨውና በሎሚ አሽታችሁ በድርብ ፎይል ጠቅልላችሁ ኦቭን ውስጥ ክተቱት። ሎሚውም ሽንኩርቱም በአዲሱ ቢላ ይቆረጥ፤ የሚያቃጥል ነገር ቢላው ላይ የቀረውን ጣዕም ይስባል ይላል ሕጋቸው። ኦቭኑን እንግዳው ራሱ ይለኩስ፤ አይሁዳዊ እጁን ያላስገባበት የበሰለ ምግብ አይበሉም። አንዳንዶቹ መለኮስ አይበቃንም፣ አሳውንም እኛው እንክተት ይላሉ፤ አትቀየሙ። ያገለገለ ሸክላ ድስት አታውጡ፤ ብረት በፈላ ውሃ ይነጻል፣ ሸክላ ግን የመጠጠውን አይለቅም። ሙዝና ብርቱካን ሳይላጥ፣ ሳይቆረጥ ይቅረብ። ወይናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አስተናጋጁ ላግዝ ብሎ እንዳይከፍተው፣ እንዳይቀዳውም። በእሳት ያልፈላ ወይን አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ከቀዳው አይጠጡትም።

የክፍሉ ዝግጅት አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቅ። ሐዋሳ ላይ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ የሰንበት ሻማ በተለመደው ደንብ ከዚያ 18 ደቂቃ ቀድሞ ይበራል። በሰንበት መብራት ማብራትም ማጥፋትም ስለማይፈቀድላቸው በካርድ የሚከፈት ሳይሆን ቁልፍ ያለው ክፍል ስጧቸው። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርታችሁ ማብሪያ ማጥፊያውን በፕላስተር ሸፍኑ፤ እጅ ሳያስበው ይሄድበታል። የፍሪጁን አምፖል ፍቱ። ጥቅል ሶፍት መቅደድ እንደ ሥራ ስለሚቆጠር ከካርቶን የሚመዘዘውን አስቀምጡ። ፔርሙስ ሙሉ ሙቅ ውሃ አይዘንጋ። ፊርማና ሂሳብ አርብ ከሰዓት ይለቅ፤ ቅዳሜ ብር አይነኩም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር እናብራላችሁ ብለን እንጠይቃቸው?

መልስ፦ አትጠይቁ። "አዎ" ካሉ ማዘዛቸው ነው፤ ማዘዝ ደግሞ አይፈቀድላቸውም። ለሆቴሉ ሁሉ ብላችሁ ካበራችሁት ይጠቀሙበታል። ለእነሱ ብቻ ከሆነ አይጠቀሙም። ቡናም እንዲሁ ነው፦ ለእነሱ ተብሎ በሰንበት የተፈላ አይጠጣም።

ጥያቄ፦ የጎንደር ቤተ እስራኤል በሰንበት እሳት ጭራሽ አይኖርም ይሉ ነበር። እነዚህ ሻማ ያበራሉ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም ከአንድ ቃል ይነሳሉ፤ ኦሪት በሰንበት እሳት አታንድዱ ይላል። ረቢዎቹ የከለከሉት በሰንበት መለኮስን ነው፤ አርብ የተለኮሰ ቢነድ አይከፋም፣ ምግቡም በተሸፈነ ምድጃ ላይ ሞቆ ያድራል። ታልሙድ (የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ) ያልደረሳቸው ቤተ እስራኤል ግን አርብ እሳቱን አጥፍተው ቅዳሜ ቀዝቃዛ ይበሉ ነበር። ቄሶቹ የሚያነቡትም በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ነው። ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ብዙዎቹ የረቢዎቹን ሥርዓት ይዘዋል፤ የራሳቸው ስግድ ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ የአገር በዓል ሆኗል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ማታ ሻማና ቅመም ፈለጉ። ምን እንስጣቸው?

መልስ፦ ሦስት ኮከብ ሲታይ ሰንበትን የሚሸኙበት ሐቭዳላ ነው። በወይን፣ በቅመም ሽታና በእሳት ይባርካሉ። ሻማው ከአንድ በላይ ክር ስለሚያስፈልገው ሁለት ጧፍ ስጧቸው፤ ነበልባሉ አንድ እስኪሆን ያጋጥሙታል። ለሽታው በትንሽ ሳህን ቅርንፉድ ወይም ቀረፋ ይበቃል። ጥፍራቸውን በብርሃኑ ሲያዩ ብታገኟቸው የሥርዓቱ ክፍል ነው። መጨረሻ ላይ እሳቱን በፈሰሰ ወይን ስለሚያጠፉት ሳህን ከሥሩ አድርጉ፤ የጠረጴዛ ልብሳችሁ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ የቀረ ሂሳብ ካለ ማምጣት ይቻላል።