ለሞዴል ባቡር የሚሆነው የትኛው ዘይት ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጀርመን ያመጣልኝ፣ በ1፡87 መጠን (ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ አንሶ) የተሠራ የኤሌክትሪክ ባቡር አለኝ። ባለፈው ክረምት ድምፁ ሲሻክርብኝ የማርሽ ጥርሶቹን የኑግ ዘይት ቀባኋቸው። ለጥቂት ሳምንታት ጸጥ ብሎ ከሠራ በኋላ ግን ሞተሩ እያጉረመረመ መንኮራኩሮቹ አንሽከረከርም ብለዋል። ምን ዓይነት ቅባት ልጠቀም? የመኪና ሞተር ዘይትስ ይሆናል?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ባቡርዎ የተበላሸ አይመስለንም፤ ተጣብቆ ነው። የኑግ ዘይት ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ቅባት ስለሆነ፣ በስሱ ተቀብቶ ሲቆይ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ እንደ ሙጫ ይጠነክራል። የዘይት ጠርሙስዎን አንገት በጣትዎ ቢዳስሱ የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ያገኛሉ፤ በባቡርዎ ጥርሶች መካከል ያለውም እሱው ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አሮጌው ቅባት ይውጣ። የፕላስቲክ ጥርሶቹን ከሞተሩ ለይተው ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጠቧቸው፤ በመካከል የቀረውን በስቴኪኒ ጫፍ ይጫሩት፤ በደንብ ሳይደርቁም አይግጠሟቸው። ቤንዚን አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አያስጠጉ።

የመኪና ሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ሸክም ነው። የሞተሩ ዘንግ ለሚሽከረከርባቸው የብረት ኩሽኔታዎች፣ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ቀጭኑ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ ከገበያም አይጠፋም። ለፕላስቲክ ጥርሶች ግን ለፕላስቲክ እንደሚስማማ በማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን የሲሊኮን ግራሶ ይምረጡ፤ ዘይት ጥርሱ ሲሽከረከር ይፈናጠራል፣ ግራሶ ግን ይዞ ይቆያል።

እኛን ከዓይነቱ ይልቅ የሚያሳስበን መጠኑ ነው። መርፌ ዘይት ውስጥ ነክረው ሲያወጡ ጫፉ ላይ የምትንጠለጠለው ጠብታ ለአንድ ኩሽኔታ ትበቃለች። ትርፉ ወደ ሞተሩ ካርቦኖች፣ ማለትም ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ ወደሚያቀብሉት ትንንሽ ቁራጮች፣ ከዘለቀ ከካርቦኑ ዱቄት ጋር ተቦክቶ ጭቃ ይሆናል። ወደ መንኮራኩሮቹ ከወረደም አቧራ ይሰበስባል፤ ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው መንኮራኩሩ ከሀዲዱ ጋር ሲነካካ በመሆኑ፣ ባቡሩ እየቆመ እየተነሣ መሄድ ይጀምራል። ሀዲዱንም በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይወልውሉት እንጂ ዘይት አይቀቡት።

ሐይቁ ዳር የክረምቱ እርጥበት ብረቱን ሊያዝገው ስለሚችል፣ ባቡሩን ከእርጥብ ግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ። ገጥመው ሲጨርሱ ፉርጎ ሳይቀጥሉበት ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ በዝግታ ያስኬዱትና የወጣውን ትርፍ ቅባት በጥጥ ጨርቅ ይጥረጉለት።