ጭቃ የሆነውን ገጽ አትቅደጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው። ችኩል መልስ እንዳይሆንብኝ ብዬ አሳደርኩት። «የውሃ ቀለም ገዝቼ ደብተር ላይ ሞከርኩ፤ ወረቀቱ ተጨማደደ፣ ቀለሙም ጭቃ ሆነ፤ ሁለቱንም ገጽ ቀድጄ ልጥላቸው ነው። ሥዕል አልተማርኩም። እዚሁ ባሕር ዳር ሆኜ፣ ውድ ዕቃ ሳልገዛ፣ ቀለምም ጽሑፍም ቁርጥራጭ ወረቀትም ያለበት የሥዕል ማስታወሻ መያዝ እችላለሁ ወይ?» ነው ያልሽው።

ትችያለሽ። እኔም አልተማርኩም፤ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ስድስት ደብተር ሞልቻለሁ፣ አብዛኛውን ጣና ዳር ተቀምጬ። የምነግርሽ ሁሉ ከእነዚያ ደብተሮች የወጣ ነው። ስለሚረዝም ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

መጨማደዱን እናስቀድም። እሱ የእጅሽ ጥፋት አይደለም፣ የወረቀቱ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ የተማሪ ደብተር ከዚያም ይሳሳል። ለውሃ ቀለም የተለመደው 300 ግራም ነው። ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ቃጫው ያብጣል፤ የረጠበው ቦታ ይለጠጣል፣ ደረቁ ባለበት ይቀራል፣ ገጹም መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ወፍራሙ ይህን ይችለዋል። ከጥጥ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ደጋግመሽ ብታርሺውም አይላጥም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እኔ ለዕለት ተዕለቱ ከእንጨት የተሠራውን ነው የምጠቀመው፤ ጥጡን ዘጌ ወይም ጢስ ዓባይ ስሄድ ብቻ አወጣዋለሁ።

ውፍረት ብቻውን ግን አያስተማምንም። አንድ ሱቅ ውስጥ «የውሃ ቀለም ወረቀት ነው» ተብዬ የገዛሁት እሽግ ቀለሙን እንደ ሶፍት ነው የመጠጠው፤ ብሩሼ ባረፈበት ሁሉ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ከደመወዜ ቆጥቤ ስለነበር የገዛሁት በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ ባለሱቁን አስፈቅጄ ጥጉ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አሳርፋለሁ። ጠብታው ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ከቆየ ደህና ወረቀት ነው፤ ወዲያው ሰምጦ በጀርባው ከታየ ተዪው።

አንድ ሙሉ ሉክ 56 በ76 ሴንቲ ሜትር ነው። ለስምንት ስትቆርጪው እያንዳንዱ 28 በ19 ይሆናል፤ እሱን በመርፌና በክር ሰፍተሽ ደብተር ማድረግ ይቻላል። ገንዘቡ ካልሞላ ያለሽን ደብተር ሦስት ሦስት ቅጠል በኮላ አጣብቂና አንድ ገጽ አድርጊው። ኮላውን ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ከመሃል ወደ ዳር በጨርቅ እየገፋሽ አየሩን አውጪ፣ ከባድ ነገር ጭነሽበት ይደር። የመጀመሪያ ደብተሬ እንደዚያ ነበር። ስትቀቢ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ጣውላ ላይ ያዢው፤ እኛ ለቁስል የምንሸጠው ቀስ ተብሎ ከተላጠ ወረቀት አይቀድም። ተጨማዶ የደረቀ ገጽም ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገሽ ከመጻሕፍት ሥር ብታሳድሪው ይቃናል።

አሁን ወደ ጭቃው። እኔን ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ ታገሺኝ። የውሃ ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም በግራር ሙጫ ተለውሶ ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ እንዳይሰነጠቅ ማርም ይገባል። ያ ሙጫ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲያገኝ እንደገና ይሟሟል። ስለዚህ የታችኛው ሳይደርቅ ሌላ ስትደርቢ፣ ወይም ደርቆም ቢሆን በብሩሽ ስታሺው፣ የታችኛው ተነሥቶ ከላይኛው ጋር ይቀላቀላል። ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ አንድ ላይ ሲገቡ ደግሞ መጨረሻቸው ቡናማና ግራጫ ነው። ያንቺም ጭቃ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። መድኃኒቱ መጠበቅ ነው።

አጠባበቁን ልንገርሽ። ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብለሽ እዪው። መጀመሪያ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ በዚህ ሰዓት ሌላ ቀለም ብትጨምሪበት አንዱ ወደ አንዱ ይፈስሳል፣ ለሰማይና ለውሃ የሚያምረውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ማብለጭለጩ ይጠፋል፣ ግን አልደረቀም። አደገኛው ሰዓት ይሄ ነው፤ ውሃ የያዘ ብሩሽ ብታስነኪው ውሃው ቀለሙን ወደ ዳር ይገፋውና አበባ ጎመን የመሰለ ጠርዝ ይሠራል። እጅሽን ሰብስቢ። ቆይተሽ የእጅሽን ጀርባ፣ ልክ የሕፃን ትኩሳት እንደምንዳስሰው፣ ቀስ አድርገሽ ገጹ ላይ አሳርፊ። ከቀዘቀዘሽ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ቅዝቃዜው ሲጠፋ ደርቋል፤ ያኔ ደርቢ፣ አንድ ጊዜ አስነክተሽ ተመለሺ።

እኛ አገር ደግሞ ወቅቱን ማወቅ ግድ ይላል። በሚያዝያና በግንቦት ሐይቁ ዳር ሰማዩን ቀብተሽ ሳትጨርሺ ዳር ዳሩ ደርቆ መስመር ያወጣብሻል፤ ስለዚህ ገጹን አስቀድመሽ በንጹሕ ውሃ አርሺው፣ ከወርካው ጥላ ሥርም አትውጪ። አሁን በክረምቱ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ አንዱ ገጽ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ቡና ሲፈላ ከከሰል ምድጃው ራቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። የቀለም ሣጥንሽንም እርጥብ እንደሆነ አትክደኚው። ሐምሌ ላይ ከድኜ የረሳሁት ሣጥን ሻግቶ ነው ያገኘሁት።

ስለ ዕቃው እምብዛም አትጨነቂ። ሲረጥብ ጫፉ የሚሾል አንድ ቁጥር 8 ክብ ብሩሽ ለሁሉም ይበቃል፤ ውሃ ውስጥ አቁመሽ ብቻ አትተዪው፣ ጫፉ ይጣመማል። ሁለት ሃይላንድ ወገባቸው ላይ ቆርጠሽ አንዱን ለማጠቢያ፣ አንዱን ለንጹሕ ውሃ አድርጊ። እኔ ቀለሜን የምይዘው በባዶ የእንክብል ማሸጊያ ነው። የጀርባውን ፎይል ልጬ፣ ላስቲኩን አጥቤ፣ በየጉድጓዱ ከቱቦ ትንሽ ትንሽ እጨምቅበትና ሁለት ቀን አደርቀዋለሁ። አሥር ጉድጓድ አሥር ቀለም ይይዛል፣ በሸሚዝ ኪስም ይገባል። ለማርጠብ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ እይዛለሁ፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠብታ ጣል ሳደርግ ቀለሙ ይነቃል።

አሥር አልኩ እንጂ አብዛኛው ሥራዬ በሦስት ነው፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና የሚባለው ሸክላ የመሰለ ቡናማ፣ እና አንድ ቢጫ። ሰማያዊውና ሸክላማው ሲገናኙ ከዝናብ ደመና ግራጫ እስከ እርጥብ ቋጥኝ ጥቁረት ድረስ ይሰጡሻል፤ ጥቁር መግዛት አያስፈልግሽም። ሰማያዊውና ቢጫው ደግሞ ታንኳ የሚሠራበትን የደንገል ተክል ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ያወጣሉ።

ቀለም፣ ጽሑፍና ቁርጥራጭ አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ቅደም ተከተል አላቸው። ሰም ከቀለም በፊት ይገባል፣ ኮላ ከቀለም በኋላ። ኮላ የነካው ቦታ ቀለም አይጠጣም፤ ውሃው እንደ ቅባት ላይ ተንከባሎ ይቀራል። አክሪሊክ የሚባለው፣ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የሚሆነው ቀለምም እንደዚያው ነው፤ በውሃ ቀለም ላይ ይወጣል እንጂ የውሃ ቀለም በእሱ ላይ በደንብ አይይዝም።

ሰም ስል ጧፍ ማለቴ ነው። አንድ የጥቅምት ጠዋት ፀሐይ በዓባይ መውጫ በኩል ስትወጣ ውሃው ላይ ከእሷ እስከ እግሬ ድረስ የሚንቀለቀል የብርሃን መንገድ ተዘረጋ። ያንን ነጭ በቀለም ማምጣት አይቻልም፤ በውሃ ቀለም ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው፣ ሳይነካ መቅረት አለበት። ቦርሳዬ ውስጥ የጧፍ ቁራጭ ነበረችና አጋድሜ ሻካራው ገጽ ላይ አጭር አጭር አድርጌ ጫርኩባት። ምንም አይታይም። ከዚያ ውሃ የበዛበት ሰማያዊና ቡናማ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ጎተትኩ። ቀለሙ ሰሙን እየሸሸ ግራና ቀኝ ሲወርድ ብርሃኑ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አለ። ተነሥቼ ቆምኩ እኮ! ሻማም ይሆናል፣ ግን የጧፉ ጭረት ይቀጥናል።

ለጽሑፉ ተራ እስክሪብቶ ውሰጂ። ቀለሙ ዘይትነት ስላለው ውሃ አያበላሸውም ለማለት ይቻላል፤ ጄል የሚባለው እስክሪብቶ ግን ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። የማታውቂውን በመጨረሻው ገጽ ላይ ሞክሪው። እስክሪብቶ ብርሃን ላይ ከተሰቀለ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ደብተር ግን ተዘግቶ ስለሚቀመጥ ብዙ አያሳስብም።

ለመለጠፍ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን የመግለጫ ወረቀት ሞክሪ። ስስ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ኮላ ሲጠጣ ከሥሩ ያለው ቀለም ያሳልፋል፣ ከሩቅ ሲያዩት ጠዋት ሐይቁ ላይ እንደሚተኛው ጉም ይሆናል። የጀልባ ትኬት፣ የጥለት ቁራጭ፣ የደረቀ የደንገል ልጣጭ፣ ሁሉንም ለጥፌ አውቃለሁ። ወፍራም ነገር ስትጨምሪ ግን ከጎኑ አንድ ቅጠል ከሥሩ ትንሽ አስቀርተሽ ቁረጪ፤ አለበለዚያ ደብተሩ አልዘጋ ብሎ ስፌቱ ይበጠሳል። የዘጌ ቡና አተላውን አጥልዬ እንደ ቀለም እጠቀምበታለሁ፤ ሦስት ጊዜ እያደረቅሽ ስትደርቢው ጥሩ ቡናማ ያወጣል።

ዘጌን ካነሳሁ አይቀር፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄደሽ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን እዪው። ቀለሙ ሰፊ ሰፊ ሆኖ ተቀምጦ ዳሩ በጥቁር መስመር ተይዟል። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። እኔ ውስጥ ሆኜ አልሣልኩም፤ ተሳልሜ ወጣሁና ቡናው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዓይኔ ውስጥ የቀሩትን ቀለሞች በትንንሽ አራት ማዕዘን አስቀመጥኳቸው፣ ሲደርቁም በእስክሪብቶ ከበብኳቸው። ያ ገጽ ምንም ነገር አልተሣለበትም፣ ስከፍተው ግን ቀኑ እንዳለ ይመጣል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማይገባ ደሴቱን የያዝኩት ከጀልባ ላይ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ። አንቺም ከዚህ ጀምሪ። «ምን ልሣል?» ብለሽ አትቀመጪ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ጻፊና ያየሽውን ሦስት ቀለም አስቀምጪ።

ሐይቅ ዳር ሰው ይሰበሰብብሻል፣ አይክበድሽ። አንድ ጊዜ ታንኳ ስሥል ባለታንኳው መጥቶ ከትከሻዬ በላይ ዓየና «እመቤት፣ ይቺ እንዲህ ከሆነች ትሰምጣለች፤ የፊቷ ጫፍ ቀና ማለት አለበት» አለኝ። ከዚያ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር በጣቱ እየጠቆመ አሳየኝ። ሌላ ወረቀት ቆርጬ በአሮጌው ላይ ለጠፍኩና አስተካከልኩት። እርማቱ አሁንም በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ከደብተሮቼ ሁሉ የምወደው ታንኳ እሱ ነው።

ቀድጄ ልጥላቸው ስላልሽው ነገር። የእኔም የመጀመሪያ ደብተር ሦስተኛው ገጽ ጭቃ ነበር። ጣናን ሰማያዊ ላድርገው ብዬ ስታገል፣ ስደርብ፣ ሳሽ፣ ቡናማ ሆኖ አረፈው። ቤት ወስጄ ዘጋሁት። በሳምንቱ ነሐሴ ላይ ዝናብ አባርቶ ስወርድ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አፈራቸውን ሲያመጡ የከረሙበት ውሃ ፊቴ ተዘርግቶ አየሁት። ደብተሩን ከፍቼ ከጎኑ ያዝኩት። ያው ቀለም ነበር። ሰማያዊ ነው ያልኩት እኔ ነበርኩ እንጂ ሐይቁ አላለም። ምንም አልጨመርኩበትም፤ በእስክሪብቶ አንዲት ታንኳና አንድ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ብቻ አወጣሁ፣ ከሥሩም ቀኑን ጻፍኩ።

አሁንም ነሐሴ ነው። ሁለቱን ገጾች አትቅደጂ። ነገ ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር እስክሪብቶ ይዘሽ ውረጂና ገጾቹን ከውሃው አጠገብ ያዢያቸው፤ ያየሽውን ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊልን።