ፈርፈራል ውስጥ ያለው ውሃ በካርል ፊሸር ሲለካ ለምን ይበዛል?

ሰላም እህቴ። በኋላ የሚያነብ ሰው እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፦ ከባጋስ (ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ቅሪት) የተሠራ ፈርፈራል የሚባል ፈሳሽና ውሃ በ25 ዲግሪ አንዱ በሌላው ምን ያህል እንደሚሟሟ እየለካሽ ነው። በፈርፈራሉ ፌዝ (ሁለቱ ሲለያዩ ፈርፈራል በሚበዛበት ንብርብር) ውስጥ ያለው ውሃ 5 በመቶ ገደማ መሆን ሲገባው ካርል ፊሸሩ (ውሃን በኬሚካል ምላሽ የሚለካው መሣሪያ) 7 ይልሻል፣ ሲደገም ሌላ ቁጥር ያመጣል። በ1-ቡታኖል ሲፈተሽ ግን ልክ ስለመጣ «መሣሪያው ጤነኛ ነው» ተብለሻል።

መሣሪያውማ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የሪኤጀንቱ (ውሃውን ለመለካት የሚጨመረው ኬሚካል) ነው።

1. ሪኤጀንቱን ቀይሪ። ተራው የካርል ፊሸር ሪኤጀንት ሜታኖል አለበት፣ ፈርፈራል ደግሞ አልዲሃይድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አሴታል የሚባል ሌላ ውህድ ይሠራሉ፤ አንድ ሞለኪውል ፈርፈራል በተለወጠ ቁጥር አንድ ሞለኪውል ውሃ ይወጣል። ታይትሬተሩ (ያው የካርል ፊሸሩ መሣሪያ) ውሃውን «ከየት መጣህ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይቆጥራል። እስቲ አስይው፦ 0.35 ግራም ናሙና ብታስገቢ ወደ 0.33 ግራሙ ፈርፈራል ነው። ከዚያ አሥር በመቶው ብቻ አሴታል ቢሆን 6 ሚሊግራም ያህል ውሃ ይወልዳል፣ ትክክለኛው 5 በመቶ ወደ 6.8 ይዘላል። ያንቺ 7 የመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ ትርፉን ቀንሼ ላርመው እንዳትይ። እዚያው መለኪያ ሴል ውስጥ የሪኤጀንቱ ሰልፈር ዳይኦክሳይድም ከአልዲሃይዱ ጋር ይጣመራል፣ ይሄኛው ደግሞ ውሃ ይበላል። አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል፤ ሚዛናቸው በናሙናው መጠንና በቆየበት ደቂቃ ይለዋወጣል። ሲደገም ቁጥሩ የማይገጥመውም ለዚህ ነው።

የቡታኖሉ ፍተሻ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው። በ25 ዲግሪ በውሃው ፌዝ 7.4 በመቶ ገደማ ቡታኖል፣ በቡታኖሉ ፌዝ 20 በመቶ ገደማ ውሃ ካገኘሽ የሙቀት መጠንሽና የናሙና አወሳሰድሽ ደህና ነው ማለት ነው። ግን ቡታኖል አልኮል ስለሆነ ከሜታኖል ጋር ጠብ የለውም፤ ስለ አልዲሃይድ የሚነግርሽ አንዳች ነገር የለም።

የሚያስፈልግሽ ለአልዲሃይድና ለኪቶን የተዘጋጀ፣ ሜታኖል የሌለበት ሪኤጀንት ነው። ሃይድራናል በሚባሉት የካርል ፊሸር ምርቶች ስሙ ላይ «ኬ» የምትል ፊደል አለችበት። ታይትራንቱም (ከቢሬቱ የሚወርደው ፈሳሽ)፣ ሴል ውስጥ የሚገባው አሟሚም ሁለቱም የ«ኬ» መሆን አለባቸው፤ አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ግዢ ክፍል ስትጠይቂ «ካርል ፊሸር ሪኤጀንት» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ የሚመጣው ርካሹ ነው፣ ርካሹ ደግሞ የሜታኖሉ ነው። ሻጩ «ያው ነው፣ ሁሉም ካርል ፊሸር ነው» ይልሻል። ያው አይደለም! «ሜታኖል የሌለበት» የሚለውን የግዢ መጠየቂያው ላይ አስጽፊ፣ ሲመጣም ሳትፈርሚ ጠርሙሱን አንብቢ። ሴሉንም ከድሮው ሜታኖል በደንብ አጥበሽ አድርቂ።

አዲሱ መሥራቱን ለማወቅ 0.2 እና 0.4 ግራም ናሙና ለኪና ከኢንድ ፖይንት (ልኬቱ ካበቃበት ነጥብ) በኋላ ያለውን ድሪፍት (መሣሪያው በየደቂቃው መቁጠር የሚቀጥለውን ውሃ) እዪ። ድሪፍቱ ወደ ነበረበት ካልተመለሰና ናሙናው ሲያድግ አብሮ ካደገ ምላሹ አሁንም እየሄደ ነው። ቀጥሎ በ3 ኤ ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ መጣጭ እንክብል) የደረቀ ፈርፈራል ላይ 1፣ 3 እና 5 በመቶ ውሃ በሚዛን ጨምረሽ ለኪ። መስመሩ ተዳፋቱ 1 ሆኖ መነሻው ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ተዳፋቱ አምሮ መነሻው ከፍ ካለ አትደሰቺ፤ ወይ ፈርፈራሉ አልደረቀም፣ ወይ አሴታሉ አልቆመም። ታይትራንቱ በሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ውሃ የሚይዘው ከሆነ 0.35 ግራም ናሙና 3.5 ሚሊሊትር ያህል ይወስዳል፣ ለቢሬቱ ተስማሚ ነው። ለዚህ ያህል ውሃ ኩሎሜትሪክ (ለጥቂት ውሃ የሚሆነውን የካርል ፊሸር ዓይነት) አትጠቀሚ።

2. ናሙና አወሳሰድ። ፈርፈራል ከውሃ ይከብዳል፣ ጥግግቱ 1.16 ነው፤ ከታች የሚተኛው እሱ ነው። ቫያል ላይ በልማድ «የላይኛው = ኦርጋኒክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የታችኛውን በመርፌ ስትወስጂ በላይኛው ስታልፊ ትንሽ አየር እየገፋሽ ውረጂ፣ አለበለዚያ መርፌው ውሃ ይዞ ይገባል። ፈሳሾቹ የሚማሰሉበት ሴል ከታች ሴፕተም (መርፌ የሚያልፍበት የጎማ ክዳን) ካለው ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም።

ሲሪንጁ ከዚሁ ማማሰያ ሴል እኩል ይሙቅ። ፈርፈራል ሲቀዘቅዝ መሟሟቱ ስለሚቀንስ የ50 ዲግሪ ናሙና ቀዝቃዛ ሲሪንጅ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይደፈርሳል፤ ከደፈረሰ ደፍተሽ ሌላ ውሰጂ። ቀድሞ በተመዘነ አሴቶናይትራይል ውስጥ ብትጨምሪው አንድ ፌዝ ሆኖ ይቆያል (አሟሚውን ለብቻው ለክተሽ ውሃውን ቀንሺ)። እግረ መንገዴን፦ ቀጥሎ 2-ሜቲልቴትራሃይድሮፉራን የሚባለውን አሟሚ ልትለኪ ካሰብሽ እሱ ተቃራኒ ነው፣ ውሃ ውስጥ ያለው መሟሟት ሲሞቅ ይቀንሳል። የውሃው ፌዝ የእጅሽ ሙቀት ብቻ ሊያደፈርሰው ይችላል። ፐርኦክሳይዱንም ፈትሺ፤ ፐርኦክሳይድ አዮዳይዱን ወደ አዮዲን ስለሚለውጥ ካርል ፊሸሩ ውሃውን አሳንሶ ያነባል።

3. ፈርፈራሉ ራሱ። ቡናማ ከሆነ አትለኪው። በቫኪዩም አጣሪው፣ በናይትሮጅን ሥር በጨለማ ጠርሙስ አስቀምጪው። በቆዳ ስለሚገባ ያለ ጓንትና ያለ ሁድ (ትነት የሚስብ የቤተ ሙከራ ሳጥን) አይነካም። ሚዛናዊነት ላይ ለመድረስ ቢያንስ 4 ሰዓት ማማሰል፣ ቢያንስ 12 ሰዓት ማስቀመጥ፤ አጥብቀሽ አታማስዪው፣ ኢመልሽን (ወተት መሳይ ድብልቅ) ይሆንና አይለይልሽም። ሌሊት መብራት ከጠፋ የሴሉን ሙቀት የሚጠብቀው ባዝ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ የሙቀት መመዝገቢያ አስገቢ፤ መስመሩ ከወረደ ጠዋት ማማሰሉን እንደገና ጀምሪ። የአዲስ አበባ ከፍታ ያሳሰበሽ ይመስላል፤ ለሁለት ፈሳሾች መሟሟት የአየር ግፊቱ ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ግን እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከ80 በላይ ከሄድሽ የተዘጋ ሴል ያዢ።

የውሃውን ፌዝ ፈርፈራል በዩቪ (በአልትራቫዮሌት ብርሃን) በ277 ናኖሜትር መለካት ትችያለሽ፣ ግን 8 በመቶ ገደማ ስለሆነ በጣም ይቅጠን። 0.4 ግራም በ50 ግራም ውሃ፣ ከዚያም እንደገና 0.4 በ50፣ ሁለቱንም በሚዛን። በፒፔት አይሆንም።

4. የ«ኬ» ሪኤጀንት እስኪመጣ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። 20 ግራም ፈርፈራል በ25 ዲግሪ እያማሰልሽ ውሃ በጠብታ ጨምሪ፤ ደመናው ሳይጠፋ ሲቀር ሚዛኑን አንብቢ። 1.05 ግራም አካባቢ ከገባ 5 በመቶ ነው። በዓይን ስለሆነ ለሕትመት ብቻውን አይበቃም፣ 7ቱን ለመጣል ግን በቂ ነው። ጂሲ (ጋዝ ክሮማቶግራፍ) ካላችሁም ዲቴክተሩ ቲሲዲ (ሙቀት ማስተላለፍን የሚለካው) ይሁን፤ ኤፍአይዲ (የነበልባሉ) ውሃን አያይም።

በመጨረሻ ሁለቱን ቁጥሮች በጅምላ ሚዛን አጋጭቻቸው። 20 ግራም ከ20 ግራም ካቀላቀልሽ፣ በ8 እና በ5 በመቶ ስሌት የውሃው ፌዝ 20.7፣ የፈርፈራሉ 19.3 ግራም አካባቢ ይወጣል። ፌዞቹን ለይተሽ መዝኚ፤ ከግማሽ ግራም በላይ ከራቀ ኤንአርቲኤል (የመሟሟት ስሌት ሞዴል) ውስጥ አታስገቢው፣ ሞዴሉ የተሳሳተውንም ቁጥር አሳምሮ ይገጥምልሻል። የአሁኑን ሪኤጀንት ጠርሙስ ጀርባ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ላኪልኝ፣ ሜታኖል ያለበት መሆኑን አይቼ እነግርሻለሁ።