ዝ ሺያንግ ማኦ ዱን፦ የጦሩና የጋሻው ነገር

"ቻይናዊው አለቃዬ ሪፖርቴን አይቶ ዝ ሺያንግ ማኦ ዱን አለኝ፣ ስተረጉመው ጦርና ጋሻ ይላል፣ እየዛተብኝ ነው?" ላልከው ወንድማችን፣ አይዞህ አልዛተብህም። ሪፖርትህ እርስ በርሱ ይጋጫል ነው ያለህ፣ ቁጥሮችህን መልሰህ እያቸው።

አባባሉ የመጣው ከሃን ፌይ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ233 የሞተ ፈላስፋ። ቹ የሚባል የጥንት ቻይና ግዛት ሰው ጋሻና ጦር ይሸጣል፣ "ይሄን ጋሻ የሚበሳ ነገር የለም" ይላል፣ ደሞ ጦሩን ያነሳና "ይሄ ጦር የማይበሳው የለም"፣ አንዱ "በራስህ ጦር የራስህን ጋሻ ብትወጋውስ?" ሲለው መልስ አጣ። ሃን ፌይ ይሄን ያመጣው ያኦንና ሹንን፣ ሁለቱን የጥንት ነገስታት፣ እኩል ለሚያወድሱት ነው፣ ያኦ እንከን ካልነበረው በሱ ዘመን ሹን ያስተካከለው ጥፋት ከየት መጣ ለማለት።

ፊደሎቹን ቻይና፣ ዉሃን ከተማ ስማር አንድ በአንድ እየፃፍኩ ነው የወደድኳቸው። ዝ የአፍንጫ ስዕል ነበር! ቻይናዎች "እኔ" ሲሉ እኛ ደረታችንን እንደምንነካው ወደ አፍንጫቸው ይጠቁማሉ፣ ከዛ "ራስ" የሚለውን ትርጉም ያዘ። ሺያንግ ዛፍና አይን ጎን ለጎን ነው፣ አትኩሮ ማየት ማለት ነበር፣ ኋላ "እርስ በርስ" ሆነ። ማኦ ጦሩ ራሱ ነው። ዱን ግን፣ ከጋሻው ስር አይን አለ፣ ተከልሎ የሚያይ ሰው ማለት ነው፣ በ100 ዓ.ም. አካባቢ የተፃፈው የሹ ሸን መዝገበ ቃላትም ሰውነት የሚጠብቅ፣ አይን የሚከልል ይለዋል።

ዉሃን ድሮ የቹ ግዛት ውስጥ ነበረች፣ እዛ ያለው ሁቤይ ሙዚየም ብትሄድ በ1983 እ.ኤ.አ. የተገኘ፣ ዉ የሚባለው ሌላ የጥንት ግዛት ንጉስ የፉቻይ የነሀስ ጦር ታያለህ፣ ላዩ ላይ "የዉ ንጉስ ፉቻይ ለራሱ ያሰራው" የሚል ተቀርፆበታል፣ "ራሱ" የምትለዋ ያችው አፍንጫዋ ፊደል ናት። መስታወቱ ጋ ቆሜ ሳገኛት የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ዛሬ ማኦዱን ብቻውን "ቅራኔ" ነው፣ የማኦ ዜዶንግ የ1937 እ.ኤ.አ. ፅሁፍ ርዕስ ላይ ያለው ቃል ይሄው ነው፣ የስልሳዎቹ ተማሪዎቻችን ቅራኔ ቅራኔ ይሉት የነበረው። የሰውየው ስም ግን ሌላ ፊደል ነው፣ ፀጉር ማለት ነው፣ ድምፁ ብቻ ነው አንድ የሆነው። ሁለት ጓደኛሞች ሲኮራረፉም ማኦዱን አላቸው ይባላል፣ መወሰን ያቃተው ሰውም "ወ ሄን ማኦዱን" ይላል። አንተን ግን አራቱንም ፊደል ስላለህ የተናገረው ስለ ፅሁፍህ ነው፣ ስለ ፀባይህ አይደለም፣ ነገ ጠዋት "ወ ጋይ ኢሺያ" በለው፣ ላስተካክለው ማለት ነው።